የሁዳዴ ዘይት

መኪናዋን ከወደቀችበት ገደል ገበሬዎች በሬ ጠምደው ወደ መንገድ አወጧት፤ ከዚያም አንድ የእህል ጭነት መኪና በሰንሰለት እየጎተተ ወረታ ከሚገኘው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ግቢ አደረሳት። አራቱም ጎማዋ የሚጎትት፣ ጭቃም ድንጋይም የማይመልሳት የመስክ መኪና ነበረች። ደረሰ የሚባለው ሾፌሯ እጁን በገመድ ታስሮ በጭነቱ ላይ ተቀምጦ ነበር። ከጎኑ የቢሻው ሬሳ በጋቢ ተሸፍኖ ተጋድሟል።

ከዓለም በር ወደ ፎገራ ሜዳ የሚወርደውን ቁልቁለት እኩሌታ ሳይጨርሱ ነበር ፍሬኑ የከዳው። ደረሰ ሲረግጠው ፔዳሉ እንደ ባዶ ስልቻ ወለሉ ድረስ ወረደ። ደጋግሞ ረገጠው፤ አልተነሣም። ማርሹን ወደ ሁለት፣ ቀጥሎም ወደ አንድ ጎተተው፤ ሞተሩ ጮኸ እንጂ መኪናዋ አልቆመችም። በመጨረሻ የእጅ ፍሬኑን ይዞ ከመንገዱ ጥግ ካለው ካብ ጋር አላተማት፤ ካቡን ጥሳ ከሥሩ ገደል ገብታ ቆመች። ከኋላ የተቀመጠው አጃቢ ቢሻው ተወርውሮ ሞተ። ከፊት የነበረው ካድሬ፣ ጓድ ሸዋዓለም፣ ክንዱ ተሰበረ።

ያ ዘመን ሰው በሠራው ሳይሆን በተጠረጠረበት የሚጠየቅበት ዘመን ነበር። ሸዋዓለም ክንዱን በአንገቱ አንጠልጥሎ ከግቢው መካከል ቆመና ወደ ደረሰ ዞሮ፣

«ማሽን በራሱ አይከዳም» አለ። «የሚከዳው ሰው ነው። ፍታትና መርምራት። ጀንበር ሳትጠልቅ ያን ሰው ታመጣልኛለህ። ካጣኸው፣ ሰውየው አንተ ነህ።»

የደረሰን እጅ ፈቱለት። እንዲጠብቁትም የግቢውን ዘበኛ አያ አያልነህን አቆሙበት። አያ አያልነህ ከደራ በኩል የመጡ ሸምገል ያሉ ገበሬ ነበሩ፤ መሬታቸው ለልጆቻቸው ሲከፋፈል ምንሽር ጠመንጃቸውን ይዘው ዘበኝነት ገቡ። ከደረሰ ጋር ይዋደዱ ነበር። ምንሽሩን በጉልበታቸው ላይ አጋድመው ከግቢው ዋርካ ሥር ተቀመጡ።

«እንግዲህ ሆዷን ቀደህ እያት» አሉት። «እንደ ፎገራ ላም ስትፈልግ የምትቆም፣ ሳትፈልግ የምትሄድ ናት ብዬህ ነበር።»

ደረሰ አልሳቀም። መኪናዋን በክሪክ አንሥቶ ጎማዎቿን አንድ በአንድ አወረደ። ከውስጥ በኩል እርጥበት ፈለገ፤ የሚያፈስ የለም፣ ሁሉም በአቧራ ደርቋል። ከሆዷ ሥር ገብቶ የፍሬኑን ቱቦ ከፊት እስከ ኋላ በጣቱ ዳሰሰው። የተቆረጠ፣ የላላም አላገኘም። እዚህ ላይ ልቡ ትንሽ መለስ አለለት፤ እጁን ያስገባ ጠላት አልነበረም። የቀረው የፍሬኑ ዘይት ማጠራቀሚያ ብቻ ነበር። ክዳኑን ሲከፍት እስከ አፉ ሙሉ ሆኖ አገኘው።

ጎድሎ ቢያገኘው ይሻለው ነበር። ባለፈው ሳምንት ጎድሎ አይቶታልና፣ ማን እንደሞላው ማሰብ ያዘ። ጣቱን ነክሮ አሸተተ።

ኑግ ነበር።

ከሞተሩ ላይ ቀና ሳይል ቀስ ብሎ ጠየቀ።

«አያ አያልነህ፣ ባለፈው ሳምንት ጓድ ሸዋዓለም ሲጠራኝ ‹ዘይት ይጨምሩበት› ብዬዎት ሄድሁ። ከየትኛው ጨመሩ?»

«ያሳየኸኝን ቆርቆሮ ብገለብጠው ባዶ ነው። አንተ መንገድ ልትወጣ ነው፤ እንዴት ይሁን? ባለቤቴ እማዋይሽ ለሁዳዴ ያወጣችው ነበረ። ቆልታ፣ ወቅጣ፣ በፈላ ውኃ የለየችው፤ አንድ ጠርሙስ ሙሉ ሰጠችኝ። እኛ ሽሮውን እንዲያው እንበላለን ብላ።»

«የሚበላ ዘይት?»

«የማይበላ ዘይት ደግሞ ምን ይባላል?»

 ሁለቱንም ዘይት ብሎ የሚጠራቸው ደረሰ ራሱ ነበር፤ የፍሬን የሚለውን ቃል በችኮላ አስቀርቶታል። ውኃው በደንብ ያልወጣለት የኑግ ዘይት በቁልቁለቱ ግለት ፈልቶ እንፋሎት ሆኗል፤ ጎሚኒ የሚባሉት የፍሬኑ የጎማ ማሸጊያዎችም ዘይቱን ጠጥተው አብጠዋል። ቢሻውን የገደለው ሁለት ሽማግሌዎች ከአፋቸው ነጥለው የሰጡት ዘይት ነበር።

ነገሩን ነገራቸው።  አያ አያልነህ ምንሽሩን ከጉልበታቸው አንሥተው ከዋርካው ግንድ ጋር አስደገፉት።

«የቢሻው እናት ታውቃለች?» አሉ።

«ማንም አያውቅም። ጎሚኒው አርጅቶ ነው እላለሁ። እርስዎ ዝም ይበሉ።»

«ከተጠየቅሁስ?»

«አላውቅም ይበሉ።»

«በሁዳዴ ልዋሽ? እማዋይሽና እኔ ለፋሲካ ልንቆርብ የነፍስ አባታችን ቄስ ገብረ ሐና ቀኖና ሰጥተውን፣ ስንሰግድ ከርመን?»

«ይገድሉዎታል፣ አያ።»

«አንተንስ?»

ጀንበር ሲያዘቀዝቅ ሸዋዓለም መጣ። ደረሰ ያበጡትን ጎሚኒዎች በጨርቅ ላይ ደርድሮ ስለ እርጅና ይናገር ጀመር። ሸዋዓለም የደብተራ ቤት ልጅ ነበር፤ ጾም ትቻለሁ ብሎ በአደባባይ ሥጋ የበላ ሰው ነው። አንዱን ጎሚኒ አንሥቶ ወደ አፍንጫው ሲያስጠጋ ግን እጁ በአየር ላይ ቀረ፤ የእናቱን ጓዳ የሸተተው ይመስል ነበር።

«ኑግ» አለ። «በመንግሥት መኪና ውስጥ ኑግ የጨመረ ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አሉ አያ አያልነህ፣ ከተቀመጡበት እየተነሡ። «የሚጎዳ መስሎኝ አይደለም።»

«ማን ጨምር አለህ?»

ሽማግሌው ወደ ደረሰ ዞር አሉ። 

«ማንም» አሉ። «ጎድሎ አየሁ፣ ጨመርሁ።»

ደረሰ አፉን ከፈተ። እኔ ነኝ ያልኋቸው ሊል ነበር፤ ቃሉ ከምላሱ ጫፍ ደርሶ ነበር። አልወጣም። ሸዋዓለም ለትንሽ ጊዜ ጠበቀው፣ ከዚያም ፊቱን አዞረ።

«ይህ ሰው ነገ ደብረ ታቦር ወኅኒ ይገባል። የምታደርሰው አንተ ነህ። መኪናዋን አዘጋጅ።»

በማግሥቱ ከባሕር ዳር ትክክለኛው ዘይትና አዲስ ጎሚኒ መጣ። ደረሰ ቱቦዎቹን በአልኮል አጥቦ ገጠመ። የቀረው ከውስጥ ያለውን አየር ማስወጣት ነበር፤ ይህም ከላይ ፔዳሉን የሚረግጥ ሌላ ሰው ይፈልጋል። በግቢው ውስጥ ከሥራ የተፈታ ሰው አልነበረም፤ ከእስረኛው በቀር። እጃቸው እንደታሰረ ከሾፌሩ ወንበር አስቀመጧቸው።

«ይርገጡ፣ አያ።»

«ረገጥሁ።»

«ይያዙት።»

«ይዣለሁ። ምነው፣ ይህ ደግሞ ጠንካራ ነው።»

«እንዲህ ነው መሆን ያለበት።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ፤ ከልባቸው ነበር።

ዓለም በርን ሲወጡ ከኋላ የተቀመጡት ጠባቂዎች አንቀላፍተው ነበር። ከወኅኒው በር ሲደርሱ መኪናዋ ደረሰ ባሰበባት ቦታ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። አያ አያልነህ ከመውረዳቸው በፊት ወደ ጆሮው ጠጋ አሉ።

«ቄስ ገብረ ሐናን ታውቃቸዋለህ፤ ቤታቸው ከመንገዱ ዳር ነው። አያልነህ በጾም አንድ ጊዜ ዋሽቷል በላቸው። ምን ብሎ እንደዋሸ ይጠይቁሃል፤ እሱን አንተ ንገራቸው። ከኃጢአቴ ሳይፈቱኝ መሞት አልፈልግም።»

«እነግራቸዋለሁ።»

«በሞቴ?»

«በሞትዎ።»

ሲመለስ ቁልቁለቱን ብቻውን ወረደ። ቢሻው ከወደቀበት ካብ አጠገብ ፍሬኑን ሞከረው፤ ያዘ። ድጋሚ ሞከረው፤ ያዘ። ሜዳው ላይ ሲደርስ ጥቁሩ መሬት ተሰንጥቆ ከግራና ከቀኝ ተዘርግቶ ነበር። ቄስ ገብረ ሐና ነጭ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው ከበራቸው ላይ ቆመው፣ የመኪናዋን ድምፅ ሰምተው መስቀላቸውን ከፍ አደረጉለት።

ደረሰ እግሩን ወደ ፍሬኑ አስጠጋ። ከዚያ መለሰና ነዳጁን ረገጠ።