የመሬት ሽቦ

ዳዶዋ ከኮቱ ኪስ ወጥታ የሱቁ ሲሚንቶ ላይ ወደቀች፤ ሁለቴ ነጥራ የሥራ ጠረጴዛው እግር ሥር ቆመች። ጋሽ መፍቻ ጎንበስ ብሎ አነሳትና ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋት። የነሐስ ናት፤ ከትንሽ ጣቱ ጥፍር አትበልጥም፤ ሮንዴላ የሚሏት ጥርስ ያላት ቀጭን የብረት ቀለበት ተጣብቃባታለች። በሠላሳ ዓመት ሥራው እንዲህ ያለችውን ዳዶ ያገኛት አንድ ቦታ ብቻ ነው፦ የውሃ ማሞቂያ ሆድ ውስጥ፣ ቢጫና አረንጓዴው የመሬት ሽቦ ከብረቱ ጋር የሚታሰርበት ላይ። ክው ብሎ ቀረ።

እንዲህ ያለ ነገር ደርሶበት አያውቅም። እናቱ ያወጣችለትን ስም ከሚስቱና ከግብር ሰብሳቢው በቀር የሚያስታውሰው የለም፤ ሰፈሩ በሙሉ ጋሽ መፍቻ ነው የሚለው። እሱም ይህን ስም የሚያስከብርበት ሥርዓት ነበረው። ከማንኛውም ዕቃ የፈታውን ብሎንና ዳዶ የቱታው ደረት ኪስ ውስጥ ያኖራል። ሲጨርስ ኪሱን መታ መታ ያደርጋል። አንዲት ነገር ከቀረች፣ ገጥሞ የጨረሰውን እንደገና ይፈታል። «ኪሴ ባዶ ከሆነ ቤቱ ሰላም ነው» ይላል። ሚስቱ ደግሞ፣ «እሱስ፣ ኪስህ ሞልቶም አያውቅ» ትለዋለች።

ዛሬ ጠዋት የሄደው ግን እንደ ሌላው ቀን ወደ ማንም ቤት አልነበረም። ልጁ ከሁለት ወር በኋላ ያገባል። የሙሽሪት እናት «የውሃ ማሞቂያዬ ማጉረምረም ጀመረብኝ» ስትል፣ ልጁ «አባቴ እያለ ሌላ ሰው?» ብሎ ቃል ገባ። ጋሽ መፍቻ ቱታውን ለብሶ ሊወጣ ሲል ሚስቱ በር ላይ አስቆመችው። «አማቾችህ ቤት በዚህ? ልጁን ሳይዳር ልታስቀረው ነው?» ቱታው ተጠቅልሎ ቦርሳ ውስጥ ገባ፤ በዓመት ሁለቴ የሚወጣው ግራጫ ኮት ተለበሰ። እዚያ ደርሶ ልብስ ልቀይር እንዳይል፣ አማች ቤት ሱሪ ማውለቅ የማይታሰብ ነው። እጅጌውን ሰብስቦ በኮቱ ሠራ።

ሴትዮዋ የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ናት። ቤቷ ውስጥ እንደ መድኃኒት ብልቃጥ ትንሽ ወረቀት ያልተለጠፈበት ዕቃ የለም። ማቀዝቀዣው ጀርባ ላይ አቧራው የተጠረገበት ቀን፣ ልብስ ማጠቢያው ላይ ማጣሪያው የታጠበበት ቀን፣ የሻይ ማፍያው ላይ በሆምጣጤ የፈላበት ቀን፣ ሁሉም በጠራ የእጅ ጽሕፈት ሰፍሯል። ጋሽ መፍቻ ሲያየው በአንድ በኩል ደስ አለው፤ በሌላ በኩል፣ ሁሉም ቤት እንዲህ ቢሆን እኔ ምን በልቼ አድር ነበር ብሎ በልቡ ሳቀ። ማሞቂያውን ሲከፍተው ግን ሳቁን ዋጠ። ውሃውን ከውስጥ የሚያሞቀው ጠምዛዛ ብረት ነጭ ድንጋይ ለብሶ ነበር፤ ድንጋዩ ሲፋቅለት ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ታየች። «በሚቀጥለው ሳምንት አዲስ አመጣለሁ» አላት። «እስከዚያ አይስጉ። ትንሽ ኤሌክትሪክ ቢያፈስ እንኳ የመሬት ሽቦው ይዞት ይወርዳል።»

ይህን የተናገረው ራሱ ነው። ከዚያ የቀረው ያን ሽቦ ማሰርና ክዳኑን መግጠም ብቻ ነበር፤ ሻዩ የመጣው ያን ጊዜ ነው።

ጋሽ መፍቻ ሥራ ጀምሮ ሳይጨርስ ውሃ እንኳ አይቀምስም። «ሻይዎ ሳይቀዘቅዝ፤ ሥራው የትም አይሄድ» ስትለው ግን ይሉኝታ ያዘው። ዳዶዋን የኮቱ ጎን ኪስ ውስጥ ከተታትና ተቀመጠ። ስለ ልጆቹ አወሩ፤ ማን ትዕግሥተኛ እንደሆነ፣ ማን ቶሎ እንደሚቆጣ። ሲመለስ ክዳኑን ገጠመ፣ በልማዱ ደረቱን መታ መታ አደረገ። የኮቱ ደረት ኪስ ለይስሙላ የተሰፋ ነው፤ ምንም አይገባበትም። ባዶ ነበር። ሴትዮዋ ወረቀቷን አምጥታ ቀኑን ጻፈችና እስክሪብቶውን ሰጠችው፤ «ተፈትሿል» ከሚለው ሥር ፈረመ።

አሁን አምስት ሰዓት ከሩብ አልፏል። ሊወጣ ሲል ሴትዮዋ የነገረችው ትዝ አለው፦ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ፀሐይ መታጠቢያ ቤቱ መስኮት ላይ ስትወጣ፣ ስድስት ሰዓት ላይ አባቷን ታጥባለች፤ ዛሬ ደግሞ ቅዳሜ ነው። ሽማግሌው ብዙ መቆም አይችሉም፤ የፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀምጣ፣ እግራቸው እርጥብ ወለል ላይ እያለ ነው የምታጥባቸው።

ስልኩን አነሳ። በሁለተኛው ጥሪ አነሳችው።

«ደህና ገቡ?»

«ገባሁ፣ እግዜር ይመስገን። ማሞቂያው እንዴት ነው?»

«ጸጥ ብሎ ይሠራል። እኔማ የጠፋ መስሎኝ ሁለቴ ሄጄ አየሁት። እጅዎ ይባረክ።»

አፉን ከፈተ። የሚለው ነገር ተዘጋጅቶ ምላሱ ላይ ነበር፦ ያጥፉት፤ ውሃውን እንዳይነኩ፤ ይገድላል። ከዚህ በላይ አያስፈልግም። ነገር ግን ያ «እጅዎ ይባረክ» መንገዱን ዘጋበት። በሚስቱ ቤተሰቦች፣ የአባትህ ነገር እንዴት ነው እየተባለ ዕድሜ ልኩን የሚጠየቀው ልጁ ታየው። ሠላሳ ዓመት ያኖረው ስሙ ታየው። ከአፉ የወጣው ሌላ ሆነ።

«እንግዲህ… አዲስ የተነካካ ዕቃ ማረፍ ይወዳል። እስከ ማታ ባይጠቀሙበት ደስ ይለኝ ነበር። እኔም ብቅ ብዬ አንዴ አየዋለሁ።»

«ደግሞ ሊደክሙ? ለአባባ አንድ ባልዲ ውሃ ብትሆን ነው።»

«አንድ ባልዲም ቢሆን…»

«እሺ፣ እሺ፣ እናሳርፈዋለን» አለች እየሳቀች። ስልኩ ተዘጋ።

ጋሽ መፍቻ ስልኩን እንደያዘ ቆመ። አንድ እሺ እሺ ነው፤ ሁለት እሺ ግን ጨዋነት የለበሰ እምቢታ መሆኑን የማያውቅ ሰው የለም። መልሶ ደወለ። ጠራ፣ ጠራ፣ አቆመ። ደግሞ ደወለ። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ትታ እጅጌዋን ስትሰበስብ በዓይነ ኅሊናው አያት። ልጁ ጋ እንዳይደውል፣ ሠራተኛው ስልኩን በር ላይ አስረክቦ የሚገባበት ፋብሪካ ውስጥ ነው ያለው። የመሣሪያ ቦርሳውን አነሳ፤ ከመደርደሪያው ላይ ለሚቀጥለው ሳምንት ያለውን አዲሱን ብረት መንጭቆ ከተተና ሱቁን እንኳ ሳይቆልፍ ወጣ።

ታክሲው ገና ሦስት መቀመጫ ይቀረዋል። «የሦስቱን ሰው እኔ እከፍላለሁ፣ ሂድ» አለው ሾፌሩን። ሾፌሩ በመስታወቱ አየት አደረገውና ነዳ፤ መጀመሪያው መስቀለኛ መንገድ ላይ ግን ሰልፉ ያዛቸው። ከፊታቸው የጭነት መኪና ተገትሯል። ጋሽ መፍቻ ሰዓቱን ያያል፣ ስልኩን ይደውላል፣ ደግሞ ሰዓቱን ያያል። ሸሚዙ ላብ በላብ ሆነ። «ያጥፉት፤ እንዳይነኩ፤ ይገድላል» አለ ድምፁን አውጥቶ። ከአጠገቡ የተቀመጠችው ሴት ቦርሳዋን ወደ ጭኗ ሳብ አደረገች። ቃላቱ እንዴት ይቀላሉ! ለማያውቃት መንገደኛ ሳይቸገር ተናገራቸው፤ ሊሰማቸው ለሚገባ ሰው ግን ስለ ዕቃ ማረፍ ተረት አወራ። ዕቃ ማረፍ ይወዳል? የትኛው ዕቃ ነው ማረፍ የሚወድ?

«ትንሽ ፍጠን፣ ወንድሜ።»

«አባት፣ ክንፍ ላውጣ?» አለ ሾፌሩ።

ወረደና እግሬ አውጪኝ አለ። መንገዱ ዳገት ነው፤ ጉልበቱም ከተማረረ ቆይቷል። ቦርሳው ውስጥ ያለው ብረት በየእርምጃው ጎኑን ይጎስመዋል። አንድ የሚያውቀው ባለሱቅ «ጋሽ መፍቻ፣ በሰላም ነው?» አለው፤ እጁን አወናጭፎ አለፈ። ስድስት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ሕንጻው ጋ ደረሰ። ሦስተኛ ፎቅ ሲደርስ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር። በሩን አላንኳኳም። ደረጃው አናት ላይ ያለውን የቆጣሪ ሳጥን ከፈተ፤ አራት ብሬከር ተደርድሯል፤ የእሷ የትኛው እንደሆነ አያውቅም። አራቱንም አወረዳቸው።

ከጎረቤት ቤት የቴሌቪዥን ድምፅ ድንገት ዝም አለ። አንድ ሰው በሩን ከፍቶ «ማነው እሱ?» ሲል፣ ጋሽ መፍቻ የሴትዮዋን በር በመዳፉ ይደበድብ ነበር።

ከፈተችለት። እጅጌዋ ተሰብስቧል፤ ክርኗ ድረስ እርጥብ ነው።

«ነክተውታል? ውሃውን ነክተውታል?»

«ምነው፣ ምን ሆኑ?» አለች። ከዚያ ጣቶቿን አየት አደረገች። «ሙቀቱን ልለካ ብዬ ቧንቧውን ስነካው እጄን ነዘረኝ። የራሴ ነርቭ ነው ብዬ፣ ጣቴን ላሻሽ ወጣሁ። አባባን አሁን ላስገባ ነበር።»

ጋሽ መፍቻ ግድግዳውን ተደገፈ። በክፍት በር በኩል ሽማግሌው ይታያሉ፤ ኮሪደሩ ላይ፣ የፕላስቲክ ወንበራቸው ላይ፣ ፎጣ ደርበው፣ ባዶ እግራቸውን አጣምረው ተቀምጠዋል።

«የመሬት ሽቦውን ሳላስር ነው የሄድኩት» አለ። «ረሳሁት። ክዳኑን ዘግቼ፣ ፈርሜ ሄድኩ።»

ሴትዮዋ ፊቷን አዞረች። ወደ አባቷ ሄዳ ፎጣውን ትከሻቸው ላይ አስተካከለች፤ «ትንሽ እንቆይ፣ አባባ» ብላ በክንዷ ደግፋ ወደ መኝታ ክፍል ወሰደቻቸው። ሽማግሌው «ምን ሊል ነው የመጣው ሰውዬው?» ሲሉ ሰማቸው፤ መልሷን አልሰማም።

የማሞቂያውን ማብሪያ ካጠፋ በኋላ አራቱንም ብሬከር መለሰ፤ ጎረቤቶቹን ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ ቱታውን ከቦርሳው አውጥቶ፣ እዚያው ደረጃው ላይ፣ ከሱሪው በላይ ለበሰ። ውሃውን አፈሰሰ። አሮጌውን ብረት አውጥቶ አዲሱን አስገባ፤ የመሬት ሽቦውን በዚያችው ዳዶ አሰረ፤ ሌሎቹንም ሽቦዎች አንድ በአንድ እየጎተተ አጠበቀ። ሴትዮዋ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆማ ታየዋለች። ጠዋት ስትሳሳቅ የነበረችው ሴት፣ የሐኪም ማዘዣ እንደምታነብ፣ እያንዳንዱን የእጁን እንቅስቃሴ ትከተላለች። ሻይ አልመጣም። እንዳይመጣም ይጸልይ ነበር።

ታንኩ እስኪሞላ ድረስ ሁለቱም የውሃውን ድምፅ ሲያዳምጡ ቆዩ። መለኪያውን አውጥቶ ሦስት ጊዜ ለካ፤ ሦስቴም ትክክል ነው። ቁጥሩን ቀና አድርጎ አሳያት። አየችው፤ ግን ፊቷ አልተፈታም። እውነቷን ነው አለ በሆዱ፤ ፊርማውንም አሳይቷት ነበር።

ጫማውን አወለቀ፤ ካልሲውንም። እርጥቡ ወለል ላይ ገብቶ ቆመና የቧንቧውን ብረት በሙሉ መዳፉ ጨበጠ።

«አሁን ማብሪያውን ያብሩት» አለ። «እርስዎና አባባ ከመንካታችሁ በፊት እኔ ልንካው።»

እጇን ወደ ማብሪያው ሰደደች፤ ጣቷ እላዩ ላይ እንዳረፈ ቆመች።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ።»

«ይጠይቁኝ።»

«ቅድም በስልክ ሲያናግሩኝ ያውቁ ነበር?»

የወለሉ ቅዝቃዜ በእግሩ ጣቶች በኩል እየወጣ ነው። መልስ አላጣም። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ያገኘኋት ሊላት ይችላል፤ ምስክር የለም፤ ዳዶዋ ከኪሱ በስንት ሰዓት እንደወደቀች የሚያውቅ ሰው የለም። ሰርጉም ይቀጥላል፤ የዛሬው ነገር የአንድ ቀን ድንጋጤ ሆኖ ይቀራል። ልጁ ፊቱ ላይ ድቅን አለ።

«አውቅ ነበር» አለ።

ከመኝታ ክፍሉ የሽማግሌው ሳል ተሰማ፤ ከዚያ «ውሃው ሞቀ ወይ?» ሲሉ ተጣሩ። የሴትዮዋ ዓይን ከፊቱ ወርዶ ባዶ እግሩ ላይ፣ ከእግሩ ተነስቶ ቧንቧውን በጨበጠው እጁ ላይ አረፈ።

ጋሽ መፍቻ እጁን አላነሳም። ማብሪያው ቀጭ ሲል ሰማ።