በሰንጠረዡ ውስጥ ያልነበረችው

ስለዚህ ቀይዋ ጀልባ የብሩስ አይደለችም፣ ሰንጠረዡ ላይ ኤክስ፣ ትልቁን ዓሣ ያጠመደውም ብሩስ አይደለም፣ ኤክስ፣ የቀረችው አንዲት ባዶ ሳጥን ናት፣ እዚያ ላይ ነጥብ ታደርጊና አለቀ፣ ማርሊስ እርሳሷን ታነሳለች ግን ነጥቡን አታደርግም፣ ዓይኗ የገጹ አናት ላይ ሄዶ ይተከላል፣ እዚያ በደቃቅ ፊደል ሁልጊዜ የምትጻፍ መስመር አለች፣ እያንዳንዱ ሰው ያለው አንድ ጀልባ ብቻ ነው፣ ከተጠቀሱት ሰዎች ሌላ ማንም የለም። ሠላሳ ዓመት እንዲህ የማይሆነውን በኤክስ፣ የሚሆነውን በነጥብ እየለየች የሰንጠረዥ እንቆቅልሽ ስትፈታ ይህችን መስመር ልብ ብላ አንብባት አታውቅም። ማን ያነባታል።

ታች የጎረቤቷ የዳርሊን ልጅ ከርቲስ የጭነት መኪናውን አቁሞ የእናቱን ዕቃ እየጫነ ነው።

አትመልከቺ። ትመለከታለች። ሰማያዊው ወንበር፣ ዳርሊን ከሽማግሌው ከኤልሮይ ጋር ካርታ ስትጫወት የምትቀመጥበት፣ ከርቲስ ተሸክሞት በበረዶው ላይ እየተንገዳገደ ይሄዳል፣ አንድ ሰዓት ቢቀረው ነው፣ ከዚያ ይሄዳሉ፣ ከዚያ ደግሞ ማንም ምንም አይጠይቅም፣ ግልግል ነው፣ አይደለም፣ ግልግል አይደለም፣ እስቲ አንቺ ማርሊስ አፍሽን ዝጊ።

ተራ ውሻ ነበረ እኮ የሞተው። ተራ ውሻ? ኤልሮይ ሚስቱ ከሞተች በኋላ የቀረው እሱ ብቻ ነበር፣ ሩዲ፣ አጭር፣ ቡናማ፣ አንድ ጆሮው የወደቀ። የዛሬ ሦስት ሳምንት ሐሙስ ሽማግሌው ሸለብ ሲያደርገው ሩዲ በኋላው በር ወጣ፣ በማግስቱ ሐይቁ ዳር በብርድ ደርቆ ሞቶ ተገኘ፣ በዚያ ብርድ ብረትም አይተርፍ። በሩን ማን ክፍት ተወው? ቤቱ የሽማግሌዎችና የአሮጊቶች ቤት ነው፣ አሥራ ሁለት ክፍል፣ ሁሉም ሌላውን በጥርጣሬ ያያል፣ ከነዋሪዎቹ አንዱ ኖርበርት ሳቅ አለና ማርሊስ ትፍታው እንጂ አለ፣ የእንቆቅልሽ ንግሥት እያለችልን ምን ያስጨንቀናል። ደስ አላት። የሚያቃጥላት ይሄ ነው፣ ደስ ነበር ያላት፣ ውሻው ገና ሳይቀበር። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች አሉ።

ማስመሪያ አወጣች። ሐሙስ በኋላው በር የሚወጡት ሦስት ናቸው፣ ኖርበርት ቆሻሻ ሊጥል፣ በርናዲን ለወፎቹ እህል ልትበትን፣ ዳርሊን መኪናዋን ልታሞቅ። ሦስት ሰው፣ ሦስት የተለያየ ሰዓት፣ ሦስት ጉዳይ። ኖርበርት ሲወጣ ውሻው ኤልሮይ ጭን ላይ ነበር፣ ኤክስ፣ በርናዲን ስትዘጋው ኤልሮይ በዓይኑ አይቷል፣ ኤክስ፣ ዳርሊን ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ነጥብ። እንዴት ያምራል። እሑድ ሁሉም የየራሱን ትሪ ይዞ በሚመጣበት ማዕድ ላይ፣ በአሥራ አንድ ሰው ፊት፣ አንብባ አስረዳች።

ማርሊስ፣ እኔ እኮ ዘግቼዋለሁ፣ ቀጭ ሲል ሰምቼዋለሁ አለች ዳርሊን።

የኔ እህት፣ በዚህ ዕድሜ መርሳት ያለ ነው፣ ማንም አይፈርድብሽም።

እንደዚያ ነው ማርሊስ ያለችው፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ ለስላሳው ነው የከፋው። እዚህ አገር ሰው አይሰዳደብም፣ ዝም ብሎ የሰላጣውን ሳህን ያቀባብላል፣ ሳህኑ ዳርሊን ጋ ሲደርስ አልፏት ሄደ። ኤልሮይ ምግቡን ትቶ ተነሳ። ከዚያ ወዲህ ካርታ የለም፣ ሰላምታ የለም።

ትናንት ማርሊስ አረንጓዴው ካፖርቷ ኪስ ውስጥ እጇን ስትከት ሽብልቁን አገኘችው፣ በር የሚደገፍበት የእንጨት ሽብልቅ፣ ያኔ ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ ትሪዋን ከመኪናዋ ልታመጣ ስትወጣ በሩ እንዳይዘጋባት ከሥሩ የሸጎጠችው፣ የመኪናው በር በበረዶ ተጣብቆ አሥር ደቂቃ አታገላት፣ ስትመለስ ደረጃው ላይ ትንንሽ ዱካ አየች፣ ጥንቸል ነው ብላ ረግጣው ገባች፣ ሽብልቁን ኪሷ ከታ በሩን ዘጋች። ሦስት ሰዓት። በሰንጠረዡ ላይ ሦስት ሰዓት የሚባል ነገር አልነበረም። ማርሊስ የምትባልም። ሰንጠረዥ የሚያሰምር ሰው ራሱን መስመር ውስጥ አያስገባም፣ እርሳሱን የያዘ እጅ ከሚጠረጠሩት አይቆጠርም፣ ይህን የትኛው ፍንጭ ነገረሽ? ማንም አልነገረሽም። ከሰው ላይ ስትፈልጊ፣ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ።

ትናንት ነው ያወቅሽው? እውነቱን ተናገሪ እስቲ። እንዲህ በሚያንሰፈስፍ ብርድ አረንጓዴውን ካፖርት ሦስት ሳምንት ያልለበስሽው ለምንድን ነው? በዚያ ስስ ሹራብ እየተንቀጠቀጥሽ የምትወጪው ለምንድን ነው?

ታውቂ ነበር። ከእሑዱ ማግስት ጀምሮ ታውቂ ነበር።

ትነሳለች፣ በቤት ጫማዋ፣ ደረጃውን ትወርዳለች፣ ምን ልትይ ነው፣ ይቅርታ ልትይ፣ ይቅርታ ለውሻው ነው ለኤልሮይ ነው፣ በቃ ዳርሊንን ንገሪያትና ወንበሩ ይመለስ፣ ያኮረፈች ሴት ናት፣ ቢበዛ ትሰድብሻለች፣ ስድብ ማንን ገደለ። ከርቲስ ካርቶን ይዞ በሩ ላይ ይገጥማታል።

ወይዘሮ ማርሊስ፣ ይጠንቀቁ፣ ያዳልጣል።

እናትህስ?

ምድጃው መጥፋቱን እያየች ነው። ዛሬ እንኳን አምስተኛ ጊዜዋ።

ምድጃውን?

ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ መርሳት ጀምሯት የለ፣ ራሷ ናት ደውላ የነገረችን፣ በሩን ክፍት ትቼ የሰው ውሻ ገደልኩ፣ ነገ ደግሞ ቤቱን አቃጥልባቸዋለሁ ብላ አለቀሰች፣ ስለዚህ የሚረሱ ሰዎች የሚጠበቁበት ቤት አገኘንላት፣ በሩ ከውጭ የሚቆለፍ፣ ምን ይደረግ፣ እርጅና ነው።

በሩ ከውጭ የሚቆለፍ። ማርሊስ ከርቲስን አልፋ ወደ ዳርሊን ወጥ ቤት ትሄዳለች። ኩርፊያ መስሏት ነበር፣ በኩርፊያ የምትሄድ መስሏት ነበር፣ ዳርሊን አላኮረፈችም፣ ዳርሊን አምናታለች፣ ከገዛ ጆሮዋ ይልቅ የማርሊስን ሰንጠረዥ አምናለች፣ አምላኬ ምን አደረግሁ።

ወጥ ቤቱ ባዶ ነው፣ ዳርሊን ካፖርቷን ለብሳ ምድጃው ፊት ቆማለች፣ ጣቷ ማጥፊያው ላይ ነው፣ ዞር ብላ ፈገግ እንኳን ትላለች፣ ልትሰናበቺኝ መጣሽ ማርሊስ፣ ጥሩ አደረግሽ።

በሩን ክፍት የተውኩት እኔ ነኝ።

የቱን በር?

የኋላውን። ትሪዬን ላመጣ ስወጣ፣ አንቺ ከመውጣትሽ በፊት፣ ሩዲ ያኔ ነው የወጣው፣ ዱካውን አይቻለሁ፣ አውቄም ዝም አልኩ፣ ሦስት ሳምንት ዝም አልኩ።

ዳርሊን አትቆጣም፣ ምነው ብትቆጣ፣ የምታስብ ትመስላለች፣ ከሩቅ የሆነ ነገር እንደምታዳምጥ።

እና እኔ ዘግቼው ነበር?

ዘግተሽዋል።

ቀጭ ያለው?

ቀጭ ብሏል፣ በደንብ ነው የሰማሽው፣ ምንም አልረሳሽም ዳርሊን።

እስቲ ድገሚልኝ፣ ጮክ በይ፣ ከርቲስ ይስማ።

ዘግተሽዋል፣ ማርሊስ ትጮኻለች፣ እንባዋ አፏ ውስጥ እየገባ፣ ከርቲስ ካርቶኑን እንደያዘ ደጃፉ ላይ ቆሟል፣ ዘግተሽዋል፣ አንቺ ነሽ የዘጋሽው፣ እና ዳርሊን አዎ፣ አዎ እያለች ራሷን ትነቀንቃለች፣ ከዚያ ጎንበስ ብላ ምድጃውን እንደገና ታያለች።

ጠፍቷል አይደል? ትላለች።