ላስቲኩ ካልተቀደደ

ባለሱቁ ጋሽ ሀብተ ሚካኤል «ላስቲኩ ካልተቀደደ በሁለት ሳምንት ውስጥ ብትመልሱት እቀበላለሁ» ሲሉ የባሌ የደርቤ ፊት በራ። እስከዚያ ድረስ እኔ ፍራሽ ላይ ስንከባለል መንገደኛ እንዳያይበት ብሎ ጀርባውን ሰጥቶኝ በር ላይ ነበር የቆመው። ይህን ሲሰማ ግን ዘሎ ገባ።

«ገንዘቡን ሙሉውን ነው የሚመልሱልን?»

«ሙሉውን ነዋ።»

«ተኝተንበትም ቢሆን?»

«ላስቲኩ ካልተቀደደ እኔ ምን ቸገረኝ፣ ልጄ።»

እንደገና ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት ተነሥቼ ጫማዬን አጠለቅኩ። ደሜ ፈልቶ ነበር።

ለምን እንደተናደድኩ ልንገራችሁ። እናቴ ትታልኝ ያለፈችው ቤት ደባርቅ ላይ፣ ወደ ሊማሊሞ በሚወርደው መንገድ ዳር ነው። ጓሮው ውስጥ ያሉትን ሁለት ክፍሎች አሳድሰን የእንግዳ ማረፊያ ልናደርጋቸው ተነሣን። የሰሜን ተራሮችን ሊያዩ የሚመጡ ሰዎችን የሚያስተናግድ አንድ የጎንደር አስጎብኚ ድርጅት ማደሪያ እያፈላለገ ነበርና፣ ሕሊና የምትባል ሠራተኛው ዓርብ መጥታ አንድ ሌሊት አድራ ልትወስን ተቀጣጠርን። እሺ ካለች በጋውን ሙሉ እንግዳ አናጣም። እምቢ ካለች ደርቤ አዲስ አበባ ይሄዳል። ወንድሙ አንድ ሆቴል ውስጥ የወጥ ቤት ሥራ አግኝቶለት በየቀኑ ይደውላል። የቀረችን ገንዘብ ከአራት ፍራሽ የምታልፍ አልነበረችም። ስለዚህ ፍራሹ ከተገዛ የአዲስ አበባው ነገር አበቃለት ብዬ ልቤን አሳርፌ ነበር። ጋሽ ሀብተ ሚካኤል ምንም ሳያውቁ ባሌንና መሳፈሪያውን መልሰው አገናኟቸው።

ከደባርቅ ዳባት ድረስ የሄድነው እኛ ከተማ ፍራሽ ጠፍቶ አይደለም። የእኛ ከተማ ነጋዴ «ለእንግዳ ማረፊያ ነው» ካሉት የፈረንጅ ገንዘብ ትራስ ሥር ደብቀን የተኛን ይመስለዋል። ጋሽ ሀብተ ሚካኤል ዘንድ ግን ዋጋው ደህና ነው፣ ሰውዬውም ብትተኛበት ብትነሣበት አይቆጡም። እኔም አላፈርኩም። የመጀመሪያው ስስ ስፖንጅ ርካሽ ነበር፤ በጉልበቴ ስጫነው ሥሩ ያለው ጣውላ ቆረቆረኝ። የስፕሪንጉ ፍራሽ ላይ ስተኛ ደግሞ ለመነሣት አልፈለግኩም፣ ግን የእሱን አንዱን ከገዛን የቀሩት ሦስት አልጋዎች ባዶ ጣውላ ሊሆኑ ነው። ከጥጉ የቆመውን ጠንካራ ስፖንጅ አስወረድኩ። ሳነሣው ከበደኝ፣ ደስ አለኝ። ተንበርክኬ ተነሣሁ፤ የጉልበቴ ጉድጓድ ወዲያው ሞላ። ጠርዙ ላይ ተቀመጥኩ፤ አልሰመጠም። ተራራ ሲወጡ ውለው የሚመጡ ሰዎች መጀመሪያ የሚያደርጉት ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ጫማ ማውለቅ ነው። ጠርዙ የማይችላቸው ፍራሽ በአንድ በጋ ጎባጣ ሽማግሌ ይሆናል።

«ይሄ ነው» አልኩ።

ደርቤ ፍራሹን አልነካውም። ላስቲኩን ነው በጣቱ ዳበስ ዳበስ ያደረገው፣ ቀዳዳ እንዳለው እያየ።

አራቱን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጭነን ስንመለስ ነፋሱ ላስቲኩን እያርገበገበ መከራችንን አበላን። በየመታጠፊያው አንገቴን በመስኮት እያወጣሁ አያለሁ። እሱም ያያል። እኔ የማየው ፍራሹ እንዳይወድቅ ነው፣ እሱ የሚያየው ላስቲኩ እንዳይቀደድ። ጎን ለጎን ተቀምጠን አንድ ዕቃ እያየን የምንፈራው ለየቅል ነበር።

ቤት ደርሰን ፍራሾቹ አልጋቸው ላይ ሲወጡ ላስቲኩን ልገፍፍ እጄን ሰደድኩ። ያዘኝ።

«ለጊዜው ይቆይ» አለ።

ይህችን ቃል አውቃታለሁ። የጓሮው በር ማጠፊያ ሲሰበር ለጊዜው ብሎ በሽቦ አሰረው፣ ይኸው እስከ ዛሬ እንደታሰረ ነው። የተጋባነውም በሰማንያ ነው። ቄስ የሆኑት አባቴ «እንግዲህ ቁረቡና ትዳራችሁን አጽኑት» ባሉት ቁጥር «እሺ አባ፣ እንደርሳለን» ይላል። እምቢ ብሎ አያውቅም። እሺ ያለውንም አድርጎት አያውቅም። ባሌ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሁልጊዜ ለመነሣት እንደተዘጋጀ ሰው በአንድ ጎኑ ብቻ የሚቀመጥ ሰው ነው። እኔም ከእሱ ጋር ስኖር መቀመጥ ጠፋኝ። ወጥ ስሠራ በር በር አያለሁ። ስተኛ የመንገዱን መኪና እቆጥራለሁ።

«ሰው እንዴት ላስቲክ ላይ ይተኛል?» አልኩት።

«አንሶላ አለ። ከላይ ብርድ ልብስ አለ። አንዲት ሌሊት ናት፣ ሠርኬ። ወድጄዋለሁ ካለች ያኔውኑ እንቀድደዋለን።»

ተከራከርኩ፣ ጮህኩ፣ ክዳን ወረወርኩ። በኋላ ግን ተውኩት። እውነቱን ለመናገር «ካልሆነስ?» ሲለኝ እኔም ፈራሁ።

ዓርብ ከሰዓት ሕሊና መጣች። ቀልጣፋ ልጅ ናት፤ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ የመታጠቢያውን ውኃ ከፍታ ሙቀቱን አየች፣ መስኮቱን ከፈተች ዘጋች፣ ስልኳን ቻርጅ ላይ ሰካች። ደርቤ ቱሪስት ተከትሎ ተራራ ላይ ምግብ ያበስል በነበረበት ጊዜ ታውቀዋለች፤ የጾም እራቱን እያመሰገነች በላች። ደርቤ እንደዚያ ሲስቅ ካየሁት ቆይቷል። ያኔ ልቤ ትንሽ ተረጋጋ።

ሌሊቱን አላወራውም። ግድግዳው ስስ ነው፤ በተገላበጠች ቁጥር ላስቲኩ ኮሽ ሲል እኛ ዘንድ ይሰማል። ኮሽ። ቆይቶ ደግሞ ኮሽ። የደባርቅ ብርድ እንኳን ላስቲክ ተነጥፎለት እንዲሁም አጥንት ይገባል። ደርቤ ዓይኑን ጨፍኖ የተኛ መስሏል፣ እኔ ግን አሳምሬ አውቀዋለሁ፣ አልተኛም። ሁለታችንም ኮሽታውን እየቆጠርን አነጋነው።

ጠዋት ሕሊና ጃኬቷን ለብሳ፣ ጫማዋን አሥራ ወጣች። እንቁላሉን በላች፣ ሻዩን ጠጣች፣ ከዚያ ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

«ቤቱን ወድጄዋለሁ። እጃችሁም ጥሩ ነው። ግን ልዋሻችሁ አልፈልግም፣ አልተኛሁም» አለች። «ፍራሹ ከላስቲኩ አልወጣም። በተገላበጥኩ ቁጥር ይጮኻል፣ አንሶላው ተንሸራቶ መሬት ወረደ። ሌሊቱን ሙሉ ሰው መጥቶ ‹ተነሽ፣ ዕቃውን ልወስደው ነው› የሚለኝ ይመስለኝ ነበር።»

ደርቤ አቀረቀረ። እኔ ፊቴ እሳት ሆነ።

«እናወልቀዋለን፣ አሁኑኑ» አልኩ።

«እሺ። እኔ ሌላም አንድ ቤት አያለሁ። ከዚያ ከኃላፊዬ ጋር ተነጋግሬ እደውልላችኋለሁ።» ቦርሳዋን አንግታ ሄደች። ድምፅዋ ውስጥ እሺም እምቢም አልነበረም።

የውጭው በር ከመዘጋቱ ደርቤ ስልኩን አውጥቶ ለአንድ ባለ ሚኒባስ ይደውል ጀመር። ወደ ዳባት ጣሪያው ባዶ ይሆን እንደሆነ ይጠይቃል።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«ጊዜው ሳያልፍ እንመልሰው።»

«ልጅቷ እኮ እምቢ አላለችም!»

«እሺም አላለችም። አልሰማሻትም? ሌላ ቤት አያለሁ ነው ያለችው። ካልደወለችስ? ላስቲኩን ቀድደን ካልደወለችስ፣ ሠርካለም? አራት ፍራሽ ታቅፈን ልንቀመጥ ነው?» ድምፁ ተሰበረ። «ያን ዓመት ረሳሽው? ድንኳኑን፣ ምድጃውን፣ ድስቱን ሁሉ ለራሴ ሥራ ብዬ ያለኝን አውጥቼ ገዛሁ። ጦርነቱ መጣ። አንድ ሰው፣ አንዲት ሌሊት እንኳ ሳያድርበት የት እንደገባ ጠፋ። እፈራለሁ። ነገርኩሽ፣ እፈራለሁ።»

አልረሳሁትም። እንዴት እረሳለሁ? ድንኳኖቹን ጓሮ ውስጥ ዘርግቶ እየዞረ ሲያያቸው አብሬው ነበርኩ። አንጀቴን በላው። ግን ንዴቴም አልበረደም፤ ሁለቱ እላዬ ላይ ተጋፉ። እሱ የፈራውን ሁሉ እኔም ፈርቻለሁ፣ ልዩነቱ እኔ የምመልስበት ሱቅ የለኝም።

ወጥ ቤት ገብቼ የሽንኩርት ቢላዋውን ይዤ መጣሁ። ወደ መጀመሪያው ክፍል ገብቼ አንሶላውን ጎትቼ ጣልኩና ሕሊና የተኛችበትን ፍራሽ ላስቲክ ከራስጌ እስከ ግርጌ ተረተርኩት። ስፖንጁን እንዳልነካ እጄን ቀለል አድርጌ ነው። ደርቤ ከኋላዬ ሮጦ መጣ።

«ሦስቱን ተዪ! እባክሽ፣ ሦስቱን እንኳ ተዪ!»

ዞሬ አየሁት። ግንባሩ አልቦታል። በዚያ ብርድ አልቦታል።

«ሦስቱን ለምን ልተው?» አልኩት። «ለመሳፈሪያህ? ገና ዳባት ላይ፣ ሱቁ ውስጥ አይቼሃለሁ እኮ። እኔ እኮ ከሰው ጋር ነው የተጋባሁት፣ ከመናኸሪያ ጋር አይደለም። በወጣህ በገባህ ቁጥር ዛሬ ይሄድ ይሆን እያልኩ ስንት ዘመን ልኑር? ሰልችቶኛል፣ ደርቤ። ደክሞኛል።»

ቢላዋውን በእጀታው በኩል ሰጠሁት።

«እንካ። ወይ ቅደደው፣ ወይ ሦስቱን ተሸክመህ ውጣና ሂድ። ገንዘቡንም ያዘው። አልቀየምህም።» በሩ ላይ ደርሼ ዞርኩ። «ዋሸሁ፣ እቀየምሃለሁ። ግን ትሄዳለህ አትሄድም እያልኩ ማደር ከዛሬ በኋላ በቃኝ።»

ወጣሁ። ግቢው ውስጥ የምሠራው ጠፋኝ። መጥረጊያ አነሣሁ፣ ሁለቴ ጠርጌ ጣልኩት። የተሰጣውን ልብስ አነሣሁ፣ እርጥብ ነው፣ መልሼ ሰጣሁት። ከበሩ ውጭ ከአዲ አርቃይ በኩል የወጣ የጭነት መኪና ዳገቱን ጨርሶ ትንፋሹን ሲለቅ ሰማሁ። ከክፍሉ ግን ምንም አይሰማም። ፍራሽ መሬት ለመሬት ሲጎተት የሚያሰማውን ድምፅ ነበር የምጠብቀው። እየሄደ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ ቶሎ ብነግረው ቶሎ የሚለምደው ይመስል።

ከዚያ ሰማሁት። ረጅም ነበር። ላስቲክ ሲቀደድ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ሳያቋርጥ። ከዚያ ወደ ሁለተኛው ክፍል ሲገባ የእግሩ ኮቴ ተሰማ። እንደገና ተቀደደ። ሌላ አንድ ጊዜ ደግሞ። ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስኩ፤ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ መሳቅም አማረኝ።

ስልኬ የጠራው ያኔ ነው። ሕሊና ናት። አየሁት፣ አላነሣሁትም። መጀመሪያ እሱን ማየት ነበረብኝ።

ስገባ ደርቤ ጉልበቱ ድረስ ላስቲክ ውስጥ ቆሟል። ቢላዋውን መስኮቱ ላይ አስቀምጦታል። እጁን ፍራሹ ላይ ተጭኖ ለቀቀ፣ ደግሞ ተጫነ፣ ዳባት ላይ አንድ ጊዜ እንኳ ያልነካውን ፍራሽ። ከዚያ ዞሮ ጠርዙ ላይ ተቀመጠ፣ ሙሉ በሙሉ፣ ጀርባውን ግድግዳው ላይ ጥሎ።

ስልኩ እጄ ላይ እንደገና ጠራ።

«አንሺው» አለኝ።

አሁን ደግሞ የፈራሁት እኔ ሆንኩ። «እምቢ ብትለንስ?» አልኩት።

«እምቢ ትበላ» አለ። «ሌላ እንግዳ እንፈልጋለን። ፍራሹ እንደሆነ የእኛ ነው።»

አጠገቡ ተቀመጥኩና ስልኩን አነሣሁ።