ከጫት ቤት የመጣ መኖ

አይሱዙው ቀብሪበያ ዳር ሲቆም ላሞቹ ቀድመው ደረሱ። ዝናብ ከራቀ ወዲህ የመኪናውን ድምፅ ለይተው ያውቁታል። ቀለምወርቅ ከጋቢና ወርዳ ጆንያዎቹ እሾህ አጥሩ ውስጥ ሲራገፉ ስትመለከት የከብት አርቢዋን የዓሻን ቀይ ላም ከላሞቹ መካከል አጣቻት።

ቀለምወርቅ ጅጅጋ ውስጥ ጫት ቤት አላት። ቃሚዎች የሚተዉትን ገረባ፣ እንጨቱንና የጠወለገውን ቅጠል፣ ድሮ ማዘጋጃ ቤቱ ከከተማ ውጭ ይደፋው ነበር። ድርቁ ሲገባ ጅጅጋና ቀብሪበያ ተስማምተው ቆሻሻው መኖ እንዲሆን አደረጉ፤ አንዱ ከተማ ይሰበስባል፣ ሌላው ያከፋፍላል። ጫት የሚጠቀለልበትን ፌስታል ከገረባው መልቀም የቀለምወርቅና የሁለት ሴቶች ሥራ ሆነ። መጀመሪያ ጆንያውን ሁሉ ዘርግፈው ነበር የሚለቅሙት። ድርቁ ሲጠና ጆንያው በዛና ባለፈው ሰሞን ከላይ ከላይ እየዳበሱ ማሰር ጀመሩ።

ዓሻን እንደ አገሬው «ኤዶ» ትላታለች፤ አክስቴ እንደ ማለት ነው። ዓሻም ላሞቼን ቃሚ አደረግሽብኝ፣ ሌሊት እንቅልፍ አጡ እያለች ትቀልድባት ነበር። ዛሬ ግን ሳትቀልድ ወደ ጓሮ ወሰደቻት።

ቀይዋ ላም እዚያ ተጋድማለች። ምን እንደገደላት ለማየት ጎረቤት ሆዷን ከፍቶታል። ከጎኗ ከሆዷ የወጣ የተገመደ ሰማያዊ ፌስታል ተቀምጧል። ቀለምወርቅ የራሷን ቤት ፌስታል አወቀችው። እንዲህ ያለው በየመንገዱ ሞልቷል ልትል አሰበችና ተወችው።

«የዛሬው ይመለስ፣ ኤዶ» አለች። «በደንብ ለቅመን እናመጣዋለን።»

«እስክትመለሺ ምን ሊበሉ ነው? ፌስታሉ አንዷን ገደለ። ረሃቡ የቀሩትን ይጨርሳል። ዐብዲከሪም ከሰማ መኪናውን ያስቆመዋል፤ ዝም በይ።»

ዓሻ ይህን ብላ ፌስታሉን በእግሯ አፈር አለበሰችው።

ዐብዲከሪም የሁለቱን ከተሞች ሥራ የሚያስተባብር ወጣት ነው። ብዙም ሳይቆይ በመኪና መጣና ቅሬታ እንዳለ ጠየቀ። ዓሻ አላህን አመስግና ምንም የለም አለች። ከዚያ ወደ ቀለምወርቅ ዞረ።

«ለቃሚ አንሶናል» አለች ቀለምወርቅ። «ሰው እስኪጨመር ጆንያው ይቀነስ።»

«ነጋዴ ዕቃ በዛብኝ ሲል ዛሬ ሰማሁ» ብሎ ሳቀ። ከዚያም በትዕግሥት አስረዳት። ከሐረርና ከድሬዳዋ እንግዶች ይመጣሉ፤ አይተው በየከተማቸው ሊጀምሩትና አራቱም ከተሞች በአንድ ሊሠሩ ነው። በዚህ ጊዜ መቀነስ አይሆንም። እንዲያውም ከነገ ጀምሮ መኪናው ሁለት ይሆናል። የሰው ነገር በጀት ሲፈቀድ ይታያል።

ቀለምወርቅ አፏን ከፈተች። ዓሻ ከኋላዋ ነጠላዋን ያዝ አደረገች፤ አልጎተተችም።

«እሺ» አለች ቀለምወርቅ።

ዐብዲከሪም ሲሄድ ቀለምወርቅና ዓሻ ጆንያዎቹን ዘርግፈው መልቀም ጀመሩ። በጊዜ ግን አልጨረሱም። የገረባው ሽታ ያወዳቸው ላሞች አጥሩን እየገፉ ነበር፤ እሾሁ ደረታቸውን ቢወጋም አላፈገፈጉም። በመጨረሻ አንድ ጎኑ ተደረመሰና ነጯ ላም ገብታ ካልተለቀመው ክምር ውስጥ አንገቷን ቀበረች።

ዓሻ ዱላ አንስታ አፍንጫዋን መታቻት። የጎድን አጥንቷ የሚቆጠር የገዛ ላሟን ደግማ ደጋግማ መታቻት። ላሚቱ ዓይኗን ጨፍና ታላምጣለች። ከከንፈሯ ዳር አንድ ሰማያዊ ነገር ብልጭ ሲል ቀለምወርቅ ሮጣ እጇን ላሚቱ አፍ ውስጥ ከተተች። ላሚቱ አፏን ገጠመች። ቀለምወርቅ የጨበጠችው ቅጠል ይሁን ፌስታል ሳትለይ ትጎትት ጀመር።