ሁለት ጊዜ ዋስ

ተክለ ጊዮርጊስ ሰው ገድሏል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው እሱም ለጠየቀው ሁሉ አስቀድሞ የሚናገረው ይህንኑ ስለ ነበር ነው።

ጣሊያን በወጣ ማግስት፣ ወገራ ውስጥ፣ በእርሻ ድንበር ተጣልቶ ቢያዝን የሚባለውን ጎረቤቱን በዱላ መታው። ቢያዝን ሳያድር ሞተ። ተክለ ጊዮርጊስ ጎንደር ወህኒ ቤት ገባ። ዳዊት የደገመ፣ ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ነውና እዚያ ለእስረኞች ፊደል ያስቆጥር ጀመር። ሽፍታውም የከብት ሌባውም ከእግሩ ሥር ተቀምጦ ሀሁ አለ። ሲፈታ፣ «ከእንግዲህ ሌላ ሥራ አልፈልግም» አለኝ።

ሽማግሌ ገብቶ ከሟች ወገን አስታረቀው። ድንጋይ ተሸክሞ ወደቀ፤ መሐላም ማለ። ከሟች ወገን ፊት አይቆምም። መንገድ ላይ ቢገናኙ ወርዶ ያሳልፋቸዋል፤ እሱ ያለበት ቤት ቢገቡ ይወጣል። የመሐላው ዋስ እኔ ነበርኩ። እሱ ቢያፈርስ ደሙ እንደገና ይነሣል፤ ተጠያቂውም እኔ ነኝ።

እዚያው ጎንደር፣ በቤቴ አጠገብ ያለው ትምህርት ቤት የአማርኛ አስተማሪ አጥቶ ነበር። ተክለ ጊዮርጊስ አመለከተ። ዋስ ጥራ ሲሉት እኔን ጠራ። ዲሬክተሩ አቶ ወልደኢየሱስ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ኮት የለበሰ ወጣት ነው።

«ነፍሰ ገዳይ ነው ይሉኛል» አለኝ።

«ነው።»

«ታዲያ ልጆች አምኜ ልስጠው?»

«እስካሁን ያስተማራቸው ከእርስዎ ልጆች የባሱ ነበሩ። አንዱም አልነከሰው።»

ሳቀ። «ዋስ ይሆኑታል?»

«አንድ ጊዜ ሆኜዋለሁ። ሁለተኛው አይከብደኝም።»

እስከ ፋሲካ በሙከራ እንዲቆይ፣ ከዚያ እንዲቀጠር ተስማማን።

ከደጃፌ ተቀምጬ አየው ነበር። አለንጋ አይዝም። ልጆቹ፣ «የኔታ አይገርፉም፤ ዱላ ይፈራሉ!» እያሉ ይሳለቁበታል። እውነታቸውን ነው፤ ይፈራል። ቢሆንም ሲያነብላቸው ዝንብ ስትበር ይሰማል።

በዐቢይ ጾም እኩሌታ፣ አንድ ጠዋት፣ አንዲት ሴት የትንሽ ልጅ እጅ ይዛ ወደ ትምህርት ቤቱ ገባች። ወለተሩፋኤል ናት፤ የቢያዝን ሚስት። ልጅቱ አምሳል ትባላለች። አባቷ ሲሞት ጡት አልጣለችም ነበር።

ተክለ ጊዮርጊስ በመስኮት አያቸው። ሰሌዳው ላይ የጀመረውን ቃል አልጨረሰም። ጠመኔውን አስቀመጠ፤ ነጠላውን አነሣ፤ በጓሮ በኩል ወጣ። ልጆቹ የሚመለስ መስሏቸው ጠበቁ።

ወለተሩፋኤልን ጠርቼ ደጃፌ አስቀመጥኳት።

«ምነው እዚህ አመጣሻት?»

«ወዴት ልውሰዳት፣ አያ ዳኛው? አጎቶቿ ባል አዘጋጅተውላታል። የወተት ጥርሷ እንኳ ወልቆ አላለቀ። እኅቴ ቁስቋም ናት፤ እሷ ዘንድ እያደረች ትማር ብዬ ነው።»

«የሚያስተምረው እሱ ነው።»

ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። «አላወቅሁም» አለች።

«ከመሐላው ፍቺው።»

«እኔ ይቅር ብያለሁ። መሐላውን የተቀበሉት ግን አጎቶቿ ናቸው። ልፍታ ብል፣ ‹የአባቷን ደም በፊደል ለወጠችው› ብለው መጥተው ይወስዷታል።» ብድግ አለች። «ልመለስ። ሰውየውም እንጀራውን አይጣ።»

ልጅቱን ይዛ ሄደች።

ተክለ ጊዮርጊስን ቁስቋም አጸድ ውስጥ፣ ጥድ ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። የሰማሁትን ነገርኩት።

«ባል አሉ?»

«አሉ።»

«ሕፃን ናት እኮ።»

«ናት።»

እጆቹን አየ። ሴት ልጅ የሚቀበል ሌላ ትምህርት ቤት በቅርብ እንደሌለ ሁለታችንም እናውቃለን።

«ፋሲካ ደርሷል» አልኩት። «ትንሽ ብትታገሥ ሥራው ያንተ ነው።»

«አያ ዳኛው፣ አንቱ የየትኛው ዋስ ነዎት?»

«የመጀመሪያው፤ የመሐላው» አልኩት።

«እንግዲያው ይድረሱባት። ከከተማ ሳትወጣ።»

በዚህ ዕድሜዬ ሮጥኩ። በወገራው መንገድ ላይ ደረስኩባት።

አምሳል ትምህርት ቤት ገባች። አቶ ወልደኢየሱስ፣ «ዋስ የሆኑለት ሰው ጠፋ!» ብሎ ጮኸብኝ። አልጠፋም አልኩት። አዲስ አስተማሪ እስኪገኝ ያ ክፍል ከሌላው ጋር ተደርቦ ከረመ። የተክለ ጊዮርጊስን ግማሽ ቃል ከሰሌዳው ላይ ማን እንዳጠፋው አላየሁም።

እሱ ሳንጃ ወርዶ የሰው ሰሊጥ ያርም ጀመር። የደጋ ሰው ነው፤ ቆላው በንዳድ አጠወለገው።

በዓመቱ፣ አንድ ቅዳሜ፣ አምሳልን ከአክስቷ ተቀብዬ ከገበያ ስመለስ ከፊታችን መጣ። ሰሊጥ የተጫነ አህያ ይነዳል። ገና ከሩቅ ለይቶ አወቀን። አህያውን ትቶ ከመንገዱ ወረደ፤ ፊቱን ወደ ካብ አዞረ። አህያው መሐላ የለበትምና መንገዳችን ላይ ተገተረ። አምሳል በትንሽ እጇ ገፍታ አሳለፈችው።

«አያ፣ ያ ሰውዬ ምንድነው?» አለችኝ።

«አስተማሪ ነው።»

«የት ነው የሚያስተምር?»

እጇን ያዝኩና መንገዳችንን ቀጠልን።