የፕሬዚዳንቱ ኮሶ

አያቴ አቶ ሂርጳ በወጣትነታቸው የእንጦጦ ደን ሠራተኛ ነበሩ። በዚያን ጊዜ አገራቸውን ከቅኝ ግዛት ነጻ ያወጡት ፕሬዚዳንት ሞሌካ በእንግድነት መጥተው ዛፍ ተከሉ። ችግኙን ያቀበሏቸው አያቴ ናቸው።

"ኮሶ ነው የተከሉት" ባሉ ቁጥር ሰፈራችን ፈረንሳይ ለጋሲዮን በሳቅ ያልቃል።

"ጋሽ ሂርጳ፣ ሰውየው የሆድ ትል ነበረባቸው እንዴ?" ይላል ባለሱቁ ዋቅጅራ። "ኮሶው" የሚለውን ቅጽል ስም ያወጣላቸውም እሱ ነው። አያቴ በዚያ ስም ሲጠሩ አቤት ብለው አያውቁም።

ባለፈው ኅዳር የፕሬዚዳንቱ ሴት ልጅ ዛፉን ሊያዩ መጡ። እኔ የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ ነኝ፤ በዋዜማው የመታሰቢያ ሰሌዳ የሚቆምበትን ጉድጓድ ፕሬዚዳንቱ ተከሉት ከተባለው ትልቅ ጥድ ሥር እንድቆፍር ታዘዝኩ።

"አያቴ ኮሶ ነው ይላሉ" አልኳቸው አለቃዬን ወይዘሮ ሮማነወርቅን።

"የአገር መሥራች ኮሶ ተከሉ ብለን ልናዋርዳቸው ነው? ቆፍር ዝም ብለህ!"

ቆፈርኩ። አያቴ ይህን ሲሰሙ ከዘራቸውን አነሡ። "ነገ እመጣለሁ። ሳልሞት አንድ ሰው እንኳ ይመነኝ።"

በማግስቱ መጡ፤ አስተናጋጆቹ ግን አላስጠጓቸውም። ከሰው ኋላ ቆመው እኔን እኔን ያያሉ። እኔ ደግሞ ሰው ፊት ስናገር ምላሴ ይተሳሰራል። የሰሌዳው መሸፈኛ ሊገለጥ ሲል አካፋዬን ጣልኩና ከማዶ ወዳለው ዛፍ ጠቆምኩ።

"ዛፉ ይህ አይደለም! ያ... ያ ኮሶ ነው!"

አስተርጓሚው አፍሮ አቀርቅሮ ተረጎመ። እንግዳዋ ግን ፊታቸው በራ።

"ቀይ አበባው ቁልቁል የሚንጠለጠለው? አባቴ ዘጠኝ ዓመት ታስረው ወጥተው ነው አገር የመሠረቱት። እዚህ ሲመጡ መድኃኒት የሚሆን ዛፍ ጠየቁ። ችግኙን ያቀበላቸው ወጣት 'ይመራል፣ ግን ያድናል' አላቸው። እስኪሞቱ ድረስ ነጻነትም እንደዚያ ነው ይሉን ነበር። ያ ወጣት በሕይወት አለ?"

አያቴ ሰዉን በከዘራቸው ከፈል ከፈል አድርገው ወጡ። "አለ!"

ከኮሶው ሥር ሁለተኛውን ጉድጓድ ስቆፍር ድንጋዩን እየለቀሙ ያነሡልኝ ወይዘሮ ሮማነወርቅ ነበሩ።

ወደ ሰፈር ስንወርድ ዋቅጅራ እንደ ልማዱ ከሱቁ ብቅ አለ።

"ኮሶው!"

አያቴ ቆሙ፤ ደረታቸውን ነፉ።

"አቤት!" አሉ፣ ሰፈሩ ሁሉ እስኪሰማ።