ለሚካኤል የተላከው ፓምፕ

ቅዱስ ሚካኤል ራሱ መጥቶ ይፈርም ቢሏችሁ ምን ትመልሳላችሁ? እኛ እንዲህ ተብለናል።

ውጭ አገር የሚኖረው ወንዳወቅ፣ እናቱ ከሕመም ቢነሱለት ከቡሬ ወጣ ብሎ ላለው የቅዱስ ሚካኤል ደብራችን የውኃ ፓምፕ ተስሎ ነበር። ተነሱለት። ስለት የታቦቱ ነውና፣ ፓምፑን በመርከብ ሲልክ ተቀባዩን «ቅዱስ ሚካኤል» ብሎ ጻፈ። ዕቃው ሞጆ ደረቅ ወደብ ሲደርስ አስተላላፊው ድርጅት «ባለቤቱ ቀርቦ ካልፈረመ ሰማንያ ሺህ ብር አስተዳደራዊ ክፍያ» አለን። የመንደሩ ሴቶች ግን ያን ጊዜም ለአንድ ጀሪካን ውኃ ሁለት ሰዓት በእግር ይሄዱ ነበር።

የወንዳወቅ እናት ወይዘሮ ካሳነሽና እኔ የደብሩ ማኅተም ያረፈበት ውክልና ይዘን ሄድን።

«እማማ፣ ባለቤቱ የት አለ?» አለ ሠራተኛው።

«በሰማይ ነዋ፣ ልጄ! መታወቂያ አላወጣም። ይልቅ ውክልናውን እይ።»

«ውክልናው ደህና ነው። ክፍያው ግን አይቀርም።»

«ይሁን፣ እንከፍላለን። ብቻ በየትኛው ሕግ እንደሆነ ደረሰኙ ላይ ጻፍልኝ።»

ሠራተኛው ወደ አለቃው ገባ። ሲመለስ ክፍያውን ትቶ የመልቀቂያውን ወረቀት ሰጠን። ወይዘሮ ካሳነሽ እዚያው እልል አሉ።

ማክሰኞ ፓምፑ ውኃ ገፋ። እፎይ ብለናል፤ ዝም ግን አንልም። ደረሰኝ ሳይጠይቁ ስንቶች ከፈሉ? የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ፣ ያን ክፍያ በየትኛው ደንብ እንደጣሉብን ወጥተው በአደባባይ ይመልሱ!